ማክሰኞና ቅዳሜ

በዚህች መጽሔት ላይ የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን ለመንቀፍ ነው። አንዱ የምግብ አዳራሹን፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍቱን፣ አንዱም ዘመኑን ይነቅፋል። እኛም ከነቃፊዎቹ መካከል አንታጣም። ዛሬ ግን ብዕራችንን ያነሣነው በመጀመሪያ ራሳችንን ለመንቀፍ፣ ቀጥሎም አንድ መልካም ወሬ ለማካፈል ነው። ወሬው ስለ አንድ ወዳጃችንና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ስሙን አንጠራም፤ እርሱ ራሱ አትጥሩ ብሎናልና። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ወዳጃችን የጋምቤላ ልጅ ነው። የእናቱ ቋንቋ ኑዌር ነው፤ አማርኛን የተማረው በተማሪ ቤት ነው፤ ሆኖም ከብዙዎቻችን ይልቅ አጥርቶ ይጽፈዋል። ሃይማኖቱ አንግሊካን ነው። እኛ አራት ሆነን ከእርሱ ጋር ሦስት ዓመት በአንድ መኝታ ክፍል ኖርን። የምሽቱን ክርክር፣ የወሩ መጨረሻ ባዶ ኪስን፣ ከየቤታችን የሚመጣውን በሶና ዳቦ ቆሎ ሁሉ አብረን ተካፈልን። እሑድ እሑድ ጧት ግን እርሱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ትንሽ የጸሎት መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሲወጣ፣ እኛ ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን እንተኛ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ እዚያ ምን ታደርጋለህ ብለን የጠየቅነው የለም።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ ምሽት ስለ ሥራ ጨዋታ ተነሣ። ለወዳጃችን አንድ ዘመዱ እዚሁ አዲስ አበባ ደኅና ደመወዝ ያለው የአስተርጓሚነት ሥራ አግኝቶለት ስለ ነበር ሁላችንም ቀንተንበታል። እርሱ ግን ቀስ ብሎ፣ «ወደ አገሬ ተመልሼ ቤተ ክርስቲያኔን ላገለግል ነው። መጀመሪያ ነገረ መለኮት እማራለሁ፤ ከዚያም የሚሰጡኝን መንደር እቀበላለሁ» አለን።

«ደመወዙስ?» አልነው።

«ዓሣና በቆሎ» ብሎ ሳቀ።

እኛም ሳቅን፤ የእኛ ሳቅ ግን እንደ እርሱ ሳቅ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ የናፒየር ቄስ ልትሆን ነዋ!» አለ። ሌላው ተቀብሎ፣ «የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለእንግሊዞች ትሁን፤ ባሮ ወንዝ ዳር ምን ትሠራለች?» አለ። አራታችንም በየተራ ወረወርን። ወዳጃችን አልተቆጣም። «እናንተ የምታውቋት በታሪክ መጽሐፍ ያለችውን ነው። የእኔን አላያችኋትም። እሑድ ኑና እዩ፤ ከዚያ በኋላ ብትስቁ አልቀየምም» አለን።

ለክርክር ማስረጃ እናገኛለን ብለን ሄድን። እውነቱ ይህ ነው፤ ለጸሎት አልሄድንም።

እንግሊዝኛ የሚናገሩ ነጮች የተሰበሰቡበት ትልቅ ቤት ጠብቀን ነበር። ያገኘነው ግን ቆርቆሮ ጣራ ያለው አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ከበሮና ሥልሳ ያህል ሰዎች ነው። ከሁለት ሦስት እንግዶች በቀር ሁሉም የጋምቤላና የደቡብ ሱዳን ሰዎች ነበሩ። በር ላይ የቆመችው ልጅ «ማሌ» ብላ እጃችንን ጨበጠችን፤ በኑዌር ሰላም ማለት ነው። ጸሎቱ በመጽሐፍ ነው፤ መሪው አንድ ቃል ሲል ሕዝቡ በቃሉ ይመልሳል። መዝሙሩ ግን በከበሮ ነው፤ ሕፃን ያዘለችው እናት ሳትቀር ትዘላለች። ስብከቱን የሰጡት ቄስ አልነበሩም፤ ቄሱ በሌላ ስፍራ ስለ ነበሩ አንድ ሽማግሌ ምእመን ወንጌሉን አነበቡና አንድ አሳብ ብቻ ይዘው ሩብ ሰዓት ተናገሩ። ወዳጃችን አጠገባችን ተቀምጦ በጆሯችን ይተረጉምልን ነበር።

ከጸሎቱ ሁሉ ይልቅ የደነቀን በመጨረሻ የተነበበው ወሬ ነው። አንድ ጐልማሳ በእጁ ደብተር ይዞ ተነሣና ከአገር ቤት በስልክ የደረሰውን አነበበ። በአንድ መንደር ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን የሣር ክዳን ወስዶታል፤ ሕዝቡ በማንጐ ዛፍ ሥር ይጸልያል። በአንድ የስደተኞች ሰፈር አሥራ አራት ሰዎች ተጠምቀዋል። አንድ አንባቢ በእግሩ እየተዘዋወረ ሦስት ጉባኤ ይጠብቃል፤ ከሦስት ወር በኋላ ቄስ ስለ ደረሰላቸው ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። እኛ ከዚህ ቀጥሎ የገንዘብ ልመና ይመጣል ብለን ጠብቀን ነበር። የመጣው ግን እልልታ ነው። ክዳኑ በነፋስ የሄደበትን ወሬ ሳይቀር «ሕዝቡ ይጸልያል» በሚለው መጨረሻው ምክንያት እንደ ድል ዜና ተቀበሉት።

ልንወጣ ስንል እኚያ ሽማግሌ ጠሩን። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አሉን። «ከእናቶቻችን ብዙዎቹ በዚህ ከተማ ሲኖሩ የሐኪም ወረቀት፣ የአውቶቡስ ስም፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም። አማርኛ ፊደል የሚያስቈጥርልን ሰው አጥተናል።» እኛም «እናስብበታለን አባባ» ብለን ሄድን። እናስብበታለን ማለት በእኛ በተማሪዎች አፍ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ እንደ እሾህ ወጋን። የሚቃወሙትን ነገር ሳያውቁ መቃወም ለአርት ፋኩልቲ ተማሪ ነውር ነው ብለን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። በመጀመሪያ የፈለግነው ወዳጃችን ስለ ራሱ ሲናገር የሚጠቀምበትን ስም ትርጉም ነው፤ «እኛ ወንጌላውያን አንግሊካን ነን» ይላልና። አንግሊካን ማለት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተወለደ፣ ጳጳስ፣ ቄስና ዲያቆን ያለው፣ በጋራ የጸሎት መጽሐፍ የሚጸልይ ማለት ነው። የመጀመሪያው የጸሎት መጽሐፍ በ1549 ሲወጣ ትልቁ ነገሩ ሕዝቡ በማያውቀው ላቲን መሆኑ ቀርቶ በራሱ ቋንቋ እንዲጸልይ ማድረጉ ነበር። ወንጌላዊ የሚለው ቅጽል ደግሞ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን ከሁሉ በላይ የሚያደርጉትን፣ የክርስቶስን መስቀል የስብከታቸው ማዕከል ያደረጉትን፣ ሰው ከልቡ መመለስ አለበት የሚሉትንና ወንጌልን ለሌላው ማድረስን እንደ ግዴታ የሚቈጥሩትን ወገኖች ያመለክታል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንደ እኛው ተማሪ ስለ ነበር ታሪኩ ያዘን። ቻርልስ ሲሜዎን ይባላል። በ1779 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ልብስና ፈረስ የሚወድ ወጣት ነበር። እንደ ገባ በኮሌጁ ሕግ መሠረት ሥጋ ወደሙ መቀበል ግዴታው መሆኑ ተነገረው። ብዙ ተማሪ በቸልታ የሚያልፈው ደንብ እርሱን አስፈራው፤ ሳምንታት በጭንቀት ካሳለፈ በኋላ በዚያው ዓመት በፋሲካ ዕለት ዕረፍት አገኘ። በ1782፣ ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ በከተማው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ተሾመ። ምእመናኑ ግን የፈለጉት ሌላ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን መቀመጫ በር የነበረው የባለርስቶች ወንበር ስለ ነበር፣ ባለቤቶቹ ቈልፈው ሄዱ። ሊሰማው የመጣው ሰው በመተላለፊያው ቆመ። ሲሜዎን በራሱ ገንዘብ አግዳሚ አሠርቶ ቢያስገባ አውጥተው ከግቢው ጣሉት። ተማሪዎችም እየገቡ ያውኩ ነበር፤ የሚከተሉትንም «ሲሞች» እያሉ ይሰድቡ ነበር። ይህ ሁሉ ከአሥር ዓመት በላይ ቈየ። እርሱ ግን ቤቱን ትቶ አልሄደም፤ በ1836 እስኪሞት ድረስ ሃምሳ አራት ዓመት በዚያው ቤተ ክርስቲያን አገለገለ። ዓርብ ዓርብ ማታ ተማሪዎችን በክፍሉ ሰብስቦ ሻይ እያጠጣ ጥያቄያቸውን ይመልስ ነበር።

ከዚያ ሻይ ቤት ብዙ ነገር ወጣ። ሄንሪ ማርቲን የተባለው በ1801 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና አንደኛ የወጣ ተማሪ የሲሜዎን ረዳት ሆነ፤ በ1805 ወደ ሕንድ ተሳፈረ፤ አዲስ ኪዳንን ወደ ኡርዱና ወደ ፋርስ ቋንቋ ተርጕሞ በ1812 በሠላሳ አንድ ዓመቱ በመንገድ ሳለ ቶካት በሚባል የቱርክ ከተማ ሞተ። ሲሜዎን ራሱም በ1799 የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር እንዲቋቋም ከገፋፉት አንዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሌላ አገር ታሪክ ነው ብለን ነበር የምናነበው። ቀጥሎ ያገኘነው ግን ከገዛ ቋንቋችን ጋር አገናኘን። ይኸው ማኅበር ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች ከላካቸው ሰዎች አንዱ የካምብሪጅ ምሩቅ ዊልያም ጆዌት ነበር። ጆዌት በ1820 ካይሮ ላይ አንድ ታላቅ የብራና ሳይሆን የወረቀት ክምር አገኘ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ተተርጕሞ ነበር፤ 9,539 ገጽ ነው። ተርጓሚው አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ናቸው። በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስል ሹም የነበረው አስላን ደ ሼርቪል እንደ ተናገረው፣ ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለሰው ሁሉ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር ይቀመጥ ነበር። ማክሰኞና ቅዳሜ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፤ አሥር ዓመት!

ጆዌት ጽሑፉን ለእንግሊዝና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ለማተም ያዘጋጀው ሳሙኤል ሊ የሚባል የካምብሪጅ መምህር ነበር፤ እርሱም በልጅነቱ የአናጢ ደቀ መዝሙር ሆኖ፣ ከመጋዙ ጐን መጽሐፍ እያነበበ ብቻውን ቋንቋ የተማረ ሰው ነው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ ግን ከዚያ ቀደም ብለው በወረርሽኝ ስለ ሞቱ አንዲቱንም የታተመች ገጽ አላዩም።

እኛ በአማርኛ የምንጽፍ፣ በአማርኛ የምንከራከር፣ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የምንፈተን ተማሪዎች ነን። ሆኖም ስለ አቡ ሩሚ ከአፋችን አንድ ቃል ወጥቶ አያውቅም ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ፣ አንድ ፈረንሳዊ ሹም፣ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ፣ አንድ አናጢ፤ ካንዳቸውም ቤት ድንኳን ተተክሎ ጮማ አልተቈረጠላቸውም፤ ሥራው ግን ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ እኛ ዘንድ ደረሰ።

አሁን ደግሞ ለእውነት ስንል የክርክራችንን ሌላ ወገን እንጽፋለን፤ የናፒየርን ነገር ያነሣነው ከባዶ ሜዳ አልነበረምና። ከወንጌላውያን አንግሊካን ማኅበሮች አንዱ፣ ለአይሁድ ወንጌልን ለመስበክ በለንደን የተቋቋመው፣ ሄንሪ ስተርን የተባለውን ሰው ወደ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ልኮ ነበር። ስተርን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ጻፈ። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ በተቈጡበት ጊዜ፣ በ1863፣ ስተርን ታሰረ። የእስረኞቹ ነገር የናፒየርን ጦር አመጣ፤ በ1868 መቅደላ ወደቀች፤ ታቦቶችና መጻሕፍት ተዘርፈው ሄዱ። ከነዚያ ታቦቶች አንዱ በኤዲንበርግ ከተማ በአንድ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ2001 ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ ተመልሷል። ያገኘው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ መሆኑም መነገር አለበት።

ይህንን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ለወዳጃችን አነበብንለት። እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «እውነት ነው። ስተርን የሰውን እናት ከማማት አፉን መያዝ ነበረበት። የተወሰደውም ሁሉ መመለስ አለበት» አለ። ጥቂት ቈይቶ ግን፣ «እኔን የሠራኝ ናፒየር አይደለም። እኔን የሠሩኝ በጦርነት ሸሽተው፣ ልጅና የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ተሸክመው ድንበር የተሻገሩ እናቶች ናቸው» አለን።

እንዲህም አስረዳን። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በጋምቤላ የሰፋችው በአብዛኛው ከሱዳን በመጡ ስደተኞች ነው። ከ1983 እስከ 2005 በቈየው የሱዳን ጦርነት ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢታንግና ወደ ሌሎቹ ሰፈሮች ገባ። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ በደቡብ ሱዳን አዲስ ጦርነት ሲነሣ ሌላ ጐርፍ መጣ። በዛፍ ሥር መጸለይ ጀመሩ፤ ጭቃ መርገው፣ ሣር ከድነው ቤት ሠሩ። ኑዌሩ፣ አኙዋኩ፣ ዲንካው፣ ኦፖው፣ ማጃንጉ በየቋንቋው ይዘምራል። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ጐሣዎች በአንድ የጸሎት መጽሐፍ «በደላችንን ይቅር በለን» ሲሉ መስማት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜም እንደማይሳካ ወዳጃችን አልደበቀንም። ከ2012 ጀምሮ ካናዳዊው ጳጳስ ግራንት ለማርካንድ ከሐኪም ባለቤታቸው ጋር ጋምቤላ ላይ ተቀምጠው ዓመታት አገለገሉ። በዚያው በጋምቤላ አገልጋዮችን የሚያሠለጥን የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተከፈተ፤ ስሙም የቅዱስ ፍሬምናጦስ ኮሌጅ ነው፤ የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ማለት ነው።

በ2020 ደግሞ የእስክንድርያ አውራጃ የሚባል አዲስ የአንግሊካን አውራጃ ቆመ፤ በአንግሊካን ኅብረት አርባ አንደኛው ነው። አራት ሀገረ ስብከት አሉት፤ የግብፅ፣ የሰሜን አፍሪካ፣ የአፍሪካ ቀንድና የጋምቤላ። ልብ በሉ፤ ከለንደን፣ ከፓሪስ አጠገብ ያለ ከተማ አይደለም በስሙ ሀገረ ስብከት የሆነው፤ ጋምቤላ ነው። አባ ሰላማ በአራተኛው መቶ ዓመት ጵጵስናን የተቀበሉት ከእስክንድርያ ነበር፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጳጳሳት የምታገኘው ከዚያው ነበር። እኛ የእንግሊዝ እያልን የሳቅንባት ቤተ ክርስቲያን እነሆ በአፍሪካ መንገድ ትሄዳለች።

በአፍሪካ ያላትም ዋጋ በደም የተከፈለ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ሩዋንዳ ውስጥ ጋሂኒ በምትባል ስፍራ በዚያው የወንጌላውያን አንግሊካን ሚሲዮን የንስሐ መነቃቃት ተጀምሮ ወደ ኡጋንዳና ወደ ጐረቤት አገሮች ተስፋፋ። መነቃቃቱን ልዩ ያደረገው ሰዎች ኃጢአታቸውን በወንድሞቻቸው ፊት ቆመው መናዘዛቸው ነበር፤ ነጩ ለጥቁሩ፣ ጥቁሩም ለነጩ። በዚያ መነቃቃት በ1948 ሕይወቱ የተለወጠ አንድ ወጣት መምህር፣ ጃናኒ ሉዉም፣ በኋላ የኡጋንዳ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የኢዲ አሚንን ግድያ በመቃወሙ በየካቲት 1977 ተገደለ። እንግዲህ ለእንግሊዞች ትሁን ያልናት ቤተ ክርስቲያን ይህች ናት።

መጽሐፍ ማንበብ ግን ቀላሉ ነው። የሽማግሌው ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበር። አንድ ምሽት ወዳጃችን ሻንጣውን እያሰናዳ ሳለ፣ «እኔ ስሄድ ለእናቶቹ ፊደል የሚያስቈጥር አንድ ሰው ብቻ ብታገኙልኝ» አለን። የተያየነው በዚያን ጊዜ ነው። ከመካከላችን ሦስቱ ኦርቶዶክስ ነን፤ አንዱ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው። ሃይማኖታችንን እንድንለውጥ የጠየቀን ማንም የለም፤ የተጠየቅነው ሀ ሁ እንድናስቈጥር ነው። ቀኑን ስንመርጥ ማንም ሳይከራከር ማክሰኞና ቅዳሜ ሆነ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ ሰባት እናቶች መጡ። እኛ ግን ማስተማር እንደ ክርክር ቀላል መስሎን ነበር። በአማርኛ የማያስቡ ሰዎችን በአማርኛ ማስተማር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያወቅነው በሰሌዳው ፊት ላብ ሲያጠምቀን ነው። ከአንድ ወር በኋላ ፈተና መጣ፤ አንድ ማክሰኞ ሳንሄድ ቀረን። ለማንም አልነገርንም፤ ማን ይጠብቀናል ብለን ነው። ቅዳሜ ስንሄድ ሽማግሌው አንዲት እናት እየጠቈሙ፣ «ማክሰኞ እስኪመሽ ድረስ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ በዝናብ በር ላይ ተቀምጣ ነበር» አሉን። እርሷ ምንም አላለችም። ደብተሯን ዘርግታ፣ ብቻዋን ስትጽፍ የዋለችውን አንድ ገጽ ሙሉ «መ» አሳየችን። ከዚያ በፊት በዩኒቨርሲቲ ብዙ ዝቅተኛ ማርክ አግኝተናል፤ እንደዚያች ገጽ ያሳፈረን ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ቀርተን አናውቅም ብንል ደስ ይለን ነበር። እውነቱን ለመናገር ከአራታችን አንዱ ሥራ ይዞ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ አንዱ ደክሞት ተወው፤ ሁለታችን ቀርተናል። ይህንን «እኛ» እያልን የምንጽፈው ሁለታችን ነን። ከአሥራ ሰባቱ እናቶች ዘጠኙ ጸንተዋል። ያች በዝናብ የጠበቀችን እናት በግንቦት ወር የልጇን የክትባት ካርድ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ቀጥላም የአማርኛውን መዝሙረ ዳዊት ጠየቀችን። በጣቷ እየተከተለች የመጀመሪያውን መዝሙር ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ስትጨርስ እልል አለች፤ ስምንቱም ተከተሏት። እኛ ግን አቡ ሩሚን አሰብን። ሽማግሌው ያላዩትን ገጽ እነሆ አየንላቸው።

ወዳጃችን አሁን ጋምቤላ ነው። አልፎ አልፎ ኔትዎርክ ሲያገኝ ይጽፍልናል። ባለፈው የጻፈልን እንዲህ የሚል ነው፤ ጉባኤው ከልጆች ጋር ሠላሳ አንድ ሰው ነው፤ ባሮ ሞልቶ መንገዱን ስለ ቈረጠው ሁለት እሑድ ወደ ማዶ አልተሻገረም፤ ወባ ይዞት ድኗል፤ በሁለት ቤተሰብ መካከል የነበረ የከብት ጠብ በሽማግሌዎች ታርቆ ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ተቀምጠዋል። በመጨረሻም «ዓሣው አለ፤ በቆሎው ግን ዘንድሮ ጥቂት ነው» ይላል። ከልመና አንዲት ቃል የለበትም። ወሬውን በሚቀጥለው እሑድ ያ ጐልማሳ በደብተሩ ላይ ጽፎ ሲያነብበው እኛም ከኋላ ተቀምጠን ሰማን፤ እልል ሲሉም ዝም አላልንም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ወሬ የደረሳችሁ አንግሊካን እንድትሆኑ አይደለም፤ እኛም አልሆንንም። በየሃይማኖታችሁ በየስፍራው የሚያገለግሉና ማንም የማያያቸው ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የእኛ ምክር አጭር ናት። በመኝታ ክፍላችሁ እሑድ ጧት ወይም ዓርብ ቀትር ተነሥቶ የሚወጣውን ወዳጃችሁን ወዴት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ከመሳቃችሁም በፊት ተከትላችሁት ሂዱ። የሲሜዎን ወንበር ከአሥር ዓመት በላይ ተቈልፎ ነበር፤ የአቡ ሩሚ ሥራ አሥር ዓመት ፈጀ። ወዳጃችንም ቢሆን አዝመራውን በዚህ ዓመት አያይ ይሆናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን እንቁላሉን የምትታቀፍ ዶሮ ከላዩ መነሣት የለባትም።

ሽማግሌው ሌላ የማታ ክፍል ለመክፈት ፈልገዋል። ለወጣቶቹ ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ጐድሏል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ያገኘናል። ስንሄድ በእግራችን ነው፤ ዣንጥላ ይዛችሁ ኑ።